የቤት ግብር ግምት ሲመጣባችሁ መጀመሪያ ሜትር አውጡ

ደሴ ላይ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆነኝ። በጽሕፈት መኪና ጀምሬ አሁን ኮምፒውተር ላይ ነኝ። ሥራው ግን ያው ነው። ሰው ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ ደንግጦ ይቀመጣል፣ እኔ አነብለታለሁ።

ክረምት ሲገባ ከሚመጡልኝ ወረቀቶች ብዙዎቹ የቤት ግብር ናቸው። ግምቱ እንደገና ተሠርቶ ጨምሯል። ባለቤቱ ወይ ተናዷል ወይ ሊያለቅስ ደርሷል። ሁሉም ማለት ይቻላል የሚሉኝ አንድ ነው። "ጡረተኛ ነኝ፣ ልጆች አሉብኝ፣ ኑሮው ከብዶኛል፣ ይቀነስልኝ ብለህ ጻፍልኝ።"

እውነታቸውን ነው። ኑሮው ከብዷል። ግን እንዲህ ብዬ የጻፍኳቸው ማመልከቻዎች አብዛኞቹ ውጤት አላመጡም። ምክንያቱን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ማመልከቻውን የሚያየው ባለሙያ ፊት ለፊቱ ቅጽ አለ። ቅጹ ላይ የቤቱ ስፋት፣ የተሠራበት ዕቃ፣ የቦታው ደረጃ፣ የቤቱ አገልግሎት ይሞላል። "ኑሮ ከብዶኛል" የሚሞላበት ቦታ የለም። ሰውየው ከልቡ ቢያዝንላችሁ እንኳ የሚያርመው ነገር አይኖረውም። ከተሞሉት ነገሮች አንዱ ስህተት መሆኑን ካሳያችሁት ግን እጁ ይፈታል።

የአክስቴን ቤት ልንገራችሁ። ከወሎ ከተሞች በአንዷ ነው የምትኖረው። ከተማዋን አልጠራም፤ ስህተቱ የትም ሊገጥም ይችላል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። አንድ ቀን ደወለችልኝ።

"አንተ፣ ግብሩ እጥፍ ሆኖ መጣብኝ። ቤቱን ልሸጠው ነው" አለችኝ።

"አብሽሪ እትዬ። ምንም እንዳትፈርሚ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ" አልኳት።

ቅዳሜ ሄድኩ። ቡናው ሳይፈላ ወረቀቱን አየሁት። "የቤቱ ስፋት 148 ካሬ ሜትር፣ ግድግዳ ብሎኬት" ይላል። ቀና ብዬ ቤቱን አየሁት። ያደግኩበት ቤት ነው። የጭቃ ቤት ነው። በመንገድ በኩል ያለው ግድግዳ ሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል። በጓሮ በኩል ግን ልስኑ ወድቆ ጭዱና ማገሩ ይታያል። ከመንገድ ሆኖ ያየ ሰው ብሎኬት ቢለው አይፈረድበትም።

ስፋቱስ? ካርታውን ከሳጥን አወጣችልኝ። "የቦታው ስፋት 148 ካሬ ሜትር" ይላል። ነገሩ ያኔ ገባኝ። የቦታው ስፋት በቤቱ ስፋት ቦታ ላይ ተጽፏል። ጌሾዋ ያለችበት፣ ልብስ የሚሰጣበት፣ ዶሮዎቹ የሚጭሩት ግቢ ሁሉ ቤት ተብሎ ተቆጥሯል።

ሜትር ከጎረቤት አናጢ ተዋስን። እሷ አንዱን ጫፍ ያዘች፣ እኔ ሌላውን። ዋናው ቤት 8.40 በ6.50 ሆነ፤ 54.60 ካሬ። ሰርቪሷ 5.20 በ3.00 ሆነች፤ 15.60 ካሬ። ድምሩ 70.20። ከተጻፈው ከግማሽ በታች ነው። አክስቴ ሜትሩን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ያጣችበት ነገር በአንድ ቁጥር ምክንያት ነበር።

እናንተም ከዚህ ጀምሩ። ግን ከመለካታችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት የምን እንደሆነ ለዩ። ሰው ሁሉንም "ግብር" ይለዋል። አንድ አይደሉም።

የቤት ግብር የሚባለው፣ ብዙ ሰው የጣሪያ ግብር የሚለው፣ በአዋጅ ቁጥር 80/1968 የመጣ ነው። የቦታ ኪራይም በዚያው አዋጅ የመጣ ነው። የቤት ግብሩ የሚሰላው ቤቱ በዓመት ቢከራይ ያወጣል ተብሎ በሚገመተው ገንዘብ ላይ ነው። መጣኔው ከ1 በመቶ ተነስቶ እስከ 4.5 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ "እኔ አላከራየሁም፣ ለምን የኪራይ ግምት ይጻፍብኛል?" ብላችሁ አትከራከሩ። ራሳችሁ ብትኖሩበትም ስሌቱ ያው ነው። የቦታ ኪራዩ ደግሞ የቦታውን ስፋትና ደረጃ ነው የሚያየው። ቦታውን በሊዝ የወሰዳችሁ ከሆነ ነገሩ በውላችሁ ነው የሚታየው። ውሉን አውጡና አንብቡት። ቤት አከራይታችሁ በምታገኙት ገቢ ላይ የሚጣለው የኪራይ ገቢ ግብር ሌላ ነው። ቅጹም ቅሬታውም ለብቻው ነው።

አሁን ደግሞ የንብረት ታክስ አለ። አዋጁን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው በጥር 2017 ነው። ብዙ ሰው በስሙ ብቻ ይደነግጣል፣ ስለዚህ ስሌቱን ላሳያችሁ። ታክሱ የሚሰላው በንብረቱ ሙሉ ዋጋ ላይ አይደለም፤ በዋጋው 25 በመቶ ላይ ነው። መጣኔው ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለመሬት መጠቀሚያ መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ነው። ቤታችሁ 2 ሚሊዮን ብር ተገመተ እንበል። 25 በመቶው 500 ሺህ ብር ነው። በ0.1 በመቶ ሲሰላ በዓመት 500 ብር ይሆናል። በ1 በመቶ ሲሰላ 5,000 ብር ነው። ቤቱ በስህተት 4 ሚሊዮን ቢገመት ሁሉም እጥፍ ይሆናል። መጣኔውን እናንተ መለወጥ አትችሉም። የቤታችሁን ስፋት፣ ዕቃና ደረጃ ግን ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም።

ወደ ሜትሩ እንመለስ። የምትለኩት ከውጭ ወደ ውጭ ነው፣ ግድግዳውን ጨምሮ። ከውስጥ ከለካችሁ ቁጥሩ ያንሳል፤ ባለሙያው መጥቶ ሲለካ ልዩነት ይወጣና እምነት ታጣላችሁ። በግቢው ያለውን እያንዳንዱን ግንባታ ለየብቻ ለኩ። ዋናውን፣ ሰርቪሱን፣ ኩሽናውን፣ በረንዳውን። የደብተር ወረቀት ላይ የቤቱን ቅርጽ ሳሉና ቁጥሩን በየጎኑ ጻፉ። ማማር የለበትም። ከዚያ ከደብዳቤው፣ ከካርታውና ከፕላኑ ጋር አስተያዩት።

አሮጌ ፕላን ላይ ያለ፣ አሁን ግን የሌለ ነገር ፈልጉ። በአክስቴ ፕላን ላይ 3 በ3 የሆነች ኩሽና ነበረች። አንድ ክረምት ዝናቡ ጥሏት እንደፈረሰች ቀርታለች። ማንም ሄዶ ፈርሳለች ብሎ አላስመዘገበም። 9 ካሬ የሌለ ኩሽና ማለት ነው። በ2014ቱ ጦርነት ቤታቸው የተጎዳባቸው ሰዎችም አሉ። ግማሽ ቤት ፈርሶ ማህደሩ ላይ ሙሉ ሆኖ የተቀመጠ አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለ ካለ ፎቶ አንሱ። ከአራቱም በኩል አንሱት፤ ጭቃው፣ የወደቀው ልስን፣ ባዶው ቦታ ይታይ። ፎቶውን አሳትማችሁ በጀርባው ቀኑን ጻፉበት። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ማህደር ውስጥ አይገባም።

የቦታ ደረጃ ደግሞ የደሴ ሰው በተለይ ሊያየው የሚገባ ነገር ነው። ከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር፣ ዳገት ላይ የተቀመጠች ናት። በካርታ ሲታይ ከአስፋልቱ 40 ሜትር የሚርቅ ቤት በእግር ሲሄዱበት ሌላ ነው። ድንጋይ ደረጃ ወጥታችሁ፣ በሁለት ሜትር ቅያስ ተጠማዛችሁ ነው የምትደርሱት። መኪና አይገባም። ውሃ በጀሪካን የሚወጣባቸው ቤቶች አሉ። አንድ ደንበኛዬ አስፋልት ዳር ካሉት ሱቆች እኩል ደረጃ ተሰጥቶት መጣ። ከአስፋልቱ እስከ በሩ በሜትር አስለካሁት። የቅያሷን ስፋት ጻፍን፣ ፎቶ አያያዝን። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አልበለጠም። ባለሙያ መጥቶ አየና ደረጃው ዝቅ ተደረገለት።

ስለ ጎረቤት ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያ ክርክሩ "እከሌ ከእኔ የሰፋ ቤት አለው፣ የሚከፍለው ግን ከእኔ ያነሰ ነው" የሚል ነው። ማነጻጸር ጥሩ ማስረጃ ነው። ሁለት ቤቶች አንድ ቅያስ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ዕቃ፣ በተቀራራቢ ጊዜ ተሠርተው ግምታቸው በጣም ከተራራቀ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። ግን የተሳሳተው የጎረቤታችሁ ሊሆን ይችላል። ያኔ የእናንተ አይቀንስም፣ የእሱ ይጨምራል። በእኛ አገር ሰርግም ሐዘንም አብሮን ከሚውል ሰው ጋር በዚህ መቀያየም ከግብሩ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ እኔ የጎረቤት ስም በማመልከቻ ላይ ሳላስፈቅድ አልጽፍም። መጀመሪያ ቡና ላይ አንሱት። "ደረሰኝህን ላየው?" በሉት። አብዛኛውን ጊዜ እሱም ተቸግሯል። ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ዓይነት ስህተት ካገኛችሁ አብራችሁ ሂዱ። አንድ ቅያስ ሙሉ በስህተት ደረጃ ሲመደብ እንዲህ ነው የሚታወቀው።

ሌላም ነገር በግልጽ ልናገር። እንደገና ይለካልኝ ብላችሁ ስትጠይቁ ሁሉም ይለካል። ያለ ፈቃድ ያስጠጋችሁት ክፍል ካለ እሱም ይወጣል። ደንበኛዬ ሲቀመጥ ይህን ነው አስቀድሜ የምጠይቀው። እውነቱን ይንገረኝና አብረን እናስብ። ደብቆ ገብቶ በኋላ ከሚጋለጥ ይሻላል።

የስም ጉዳይም ብዙ ሰው ያሰናክላል። ካርታው በአባት ወይም በአያት ስም ሆኖ እነሱ ካለፉ፣ ቅሬታ ለማቅረብ መብት እንዳላችሁ ማሳየት አለባችሁ። የወራሽነት ማረጋገጫ ከመደበኛው ፍርድ ቤት ይወጣል። ሙስሊም ቤተሰብ ተስማምቶ ከሸሪዓ ፍርድ ቤትም ያወጣል። ይህ ሳይያዝ የተጻፈ ማመልከቻ መስኮት ላይ ይመለሳል። ሌላው የወሎ ጉዳይ ዓረብ አገር ያሉ ልጆቻችን ናቸው። ጅዳ ወይም ሪያድ ሠርታ ቤት የሠራች ልጅ፣ ቤቱ በስሟ ሆኖ እናቷ ይኖሩበታል። ግምቱ ሲመጣ እናት ናቸው የሚሯሯጡት። ያለ ውክልና ግን አይስተናገዱም። ውክልናው ከቆንስላው ሲላክ "ቤቴን እንዲያስተዳድሩ" ከሚል በላይ ይጻፍበት። "የግብርና ታክስ ጉዳይ እንዲፈጽሙ፣ ቅሬታና ይግባኝ እንዲያቀርቡ" የሚል ቃል ይግባ። እዚህ ከደረሰም በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጡን አረጋግጡ። ይህች አንድ መስመር ጎድላ ስንት እናት ከመስኮት ስትመለስ አይቻለሁ።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። ለአክስቴ የጻፍኩላት ይህን ይመስላል።

"ጉዳዩ፦ የቤት ግብር ግምት ስህተት እንዲታረም ስለመጠየቅ

ከላይ በተጠቀሰው አድራሻ የሚገኘው ቤቴ በተላከልኝ የግምት ማስታወቂያ ላይ ስፋቱ 148 ካሬ ሜትር፣ ግድግዳው ብሎኬት ተብሎ ተመዝግቧል። 148 ካሬ ሜትር በካርታዬ ላይ እንደሚታየው የቦታዬ ስፋት እንጂ የቤቴ ስፋት አይደለም። የቤቴ ስፋት ዋናው 54.60፣ ሰርቪሱ 15.60፣ በድምሩ 70.20 ካሬ ሜትር ነው። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በአንድ በኩል ብቻ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። በፕላኑ ላይ የሚታየው ኩሽና ፈርሷል። ስለሆነም ባለሙያ ተልኮ ቤቱ በቦታው ተለክቶ ግምቱ እንዲስተካከልልኝ፣ ውሳኔውም በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

አባሪ፦ የግምት ማስታወቂያው ቅጂ፣ የካርታ ቅጂ፣ የልኬት ንድፍ፣ 5 ፎቶዎች፣ የአለፈው ዓመት ደረሰኝ ቅጂ።"

ይኼው ነው። ስድብ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። "ቤቱ በቦታው ተለክቶ" የሚለውን አትተዉ፤ አለበለዚያ ጠረጴዛ ላይ ታይቶ ሊመለስ ይችላል። "ውሳኔውም በጽሑፍ" የሚለውንም አትተዉ። በቃል የተነገረ መልስ ይዞ ይግባኝ የሚል ሰው የለም። የክፍያ ጊዜ እንዲራዘም ወይም ከፋፍላችሁ ለመክፈል ከፈለጋችሁ ለብቻው ሌላ ማመልከቻ ጻፉ። ችግራችሁን የምትናገሩት እዚያኛው ላይ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ከጻፋችሁ የሚያነበው ሰው ግምቱን አምናችሁ ምሕረት የጠየቃችሁ ይመስለዋል።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ይሆናል። ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት ማህተም ይምቱላችሁ። "ነገ ተመለሱ" ቢሏችሁ ነገ ተመለሱ፤ ግን ማህተም ሳይመታላችሁ ማመልከቻውን ጥላችሁ አትውጡ። ይህች ቅጂ ናት በጊዜው ማመልከታችሁን የምትመሰክረው። ዋናውን ካርታ ለማንም አትስጡ። አሳዩ፣ ቅጂ ስጡ፣ ይዛችሁ ተመለሱ። በጦርነቱ ጊዜ ካርታቸውን ቤት ጥለው ወጥተው ሲመለሱ ያጡ ሰዎች ምን ያህል እንደተንከራተቱ ስላየሁ ነው የምለው። ልጃችሁ በስልክ ፎቶ አንስቶ ያስቀምጠው።

ቀኑን አትጫወቱበት። ማስታወቂያው የደረሳችሁን ዕለት ደብዳቤው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለቅሬታ የሚሰጠው 21 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ይግባኝ ሰሚው ኮሚሽን ለመሄድ 30 ቀን ይሰጣል፤ ይግባኙም የሚታየው ክርክር ካለበት ታክስ 50 በመቶው ሲያዝ ነው። የክልልና የከተማ ግብር በክልሉ ሕግ ነው የሚሠራው፤ ቀኑን ከደብዳቤው ላይ ወይም ከቅሬታ ሰሚው ጠይቃችሁ ያዙ። እኔ ግን ደንበኞቼን ከ10 ቀን በላይ አላቆይም። ሰኞ ደረሳችሁ? በሚቀጥለው ሳምንት አስገቡ። ይህን ሁሉ መለካትና መጻፍ ሁለት ቀን ነው የሚወስደው።

ቅሬታ ስላስገባችሁ ክፍያው የቆመ አይምሰላችሁ። ቅጣትና ወለድ እንዳይቆጠርባችሁ የማትከራከሩበትን ያህል ክፈሉ፤ የአለፈው ዓመቱን ያህል ማለት ነው። ደረሰኙን ከማመልከቻው ቅጂ ጋር አያይዙ። "አልከፍልም" ብሎ ከሚመጣ ሰው ይልቅ "ይህን ያህል ከፍያለሁ፣ ይህ ይታረምልኝ" የሚል ሰው ይደመጣል።

ባለሙያው ሊለካ ሲመጣ ቤት ተገኙ። በሩን ክፈቱ፣ ጓሮውንም አሳዩ። ንድፋችሁን ስጡት። ሲለካ አብራችሁ ቁሙና ቁጥሩን ጻፉ። ከእናንተ ጋር ካልተስማማ እዚያው ይደገም፤ በትሕትና "አንዴ እንደገና እንለካው?" ማለት ነውር የለውም። የአክስቴን ቤት ሊለካ የመጣው ወጣት 70.50 አገኘ። እኔ 70.20 ነበር ያልኩት። በ0.30 ካሬ ሜትር ላይ አልተከራከርንም። ጓሮውን ዞሮ ጭቃውን በጣቱ ነካ፣ ፎቶ አነሳ፣ ቡና ጠጥቶ ሄደ። ከአንድ ወር በኋላ ውሳኔው በጽሑፍ መጣ። ስፋቱ ታርሟል፣ ግድግዳው "ጭቃ" ተብሏል።

የሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ ግን አክስቴ እንደገና ደወለች። ደረሰኙ ላይ 148 ተመልሶ መጥቷል። ማህደሩ ላይ የታረመው ኮምፒውተሩ ላይ አልታረመም ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ውሳኔውን ከሳጥኑ አውጥታ፣ ሜትሩንም በቦርሳዋ ይዛ ብቻዋን ሄደች። ከሰዓት በፊት ጨርሳ ተመለሰች።